የእትዬ ዘይነባ ድስት

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ከደብረ ብርሃን የወረድኩት በዚያው ቀን ነው። ጣርማ በር ዋሻው ጋ የደረብኩትን ሹራብ ቆላው ሲጀምር አውልቄ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ተወልጄ ባደግኩበት ሙቀት በየዓመቱ እንደ እንግዳ መገረሜ ራሱ ያሳፍረኛል። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ትልቅ ድስት አቅፋ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። ቦታው ስላልበቃ የድስቱ ግማሽ እኔ ጭን ላይ አረፈ። ክዳኑ አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙ ከጠርዙ ተላጦ ጥቁር ብረት የሚታይበት፣ መሐሉ ላይ ነጭ አበባ ያለበት የድሮ ክዳን። እጀታው ገና መበየዱ ነው፤ የተቃጠለ ብረት ይሸታል። ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ሴትየዋን ሳላያት በፊት ድስቱን አውቄው ነበር።

“ማርታ አይደለሽም እንዴ?” አለችኝ።

ሐያት ነበረች፤ የጋሽ እንድሪስ የመጨረሻ ልጅ። ልጆች ሳለን ካራቆሬ መንገድ ዳር አብረን ማንጎ ሸጠናል። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ ድስቱ በሁለታችን መካከል ተንጋደደ።

“እጀታው ወልቆ ላስበይደው መጥቼ ነው” አለች። “ነገ በዓላችሁ አይደል? አባዬ ‘በተሰበረ ክዳን ድስት አልልክም’ ብሎ አስነሳኝ።”

“ጋሼ ደህና ናቸው?”

“አልሐምዱሊላህ። ዓይኑ ደከመ እንጂ ምላሱ ደህና ነው።” ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አንቺን ሲያነሳ ግን ይከፋዋል። ‘የወርቅነሽ ልጅ ተማረችና ናቀችን’ ይላል። እኔ ሥራ በዝቶባት ነው እለዋለሁ። ሥራ በዝቶብሽ ነው አይደል?”

“ነው” አልኳት።

ሥራ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኚህን ሰው የሸሸሁት በዚህ ድስት ምክንያት ነው። ባጃጁ ተነሥቶ ወደ ቆላው ሲወርድ ድስቱ በየጉድጓዱ ጉልበቴን እየመታኝ፣ እኔም ላልነካው የተውኩትን ሁሉ እያስታወስኩ ሄድኩ።

ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ስለ ድሮ ላውራ ሲል ደፋር ይመስላል። ነገር ግን የእኛ መንደር ዕድሜ ራሱ አጭር ነው፤ ድሮአችን ቅርብ ነው። ስሙ ጥጥ ካምፕ ይባላል። ጥጥ የለበትም፤ ካምፕም አይደለም። አባቴና እናቴ ከከንባታ በጭነት መኪና ተጭነው የመጡት ለአንድ የጥጥ ለቀማ ወቅት ነበር። ከእነሱ ጋር የመጡት ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ አንድ ወቅት ብለው መጥተው፣ ልጅ ወልደው፣ ወባ ለምደው ቀሩ። የእርሻው ድርጅት በሠራቸው ረጃጅም የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ቤተሰቡ በጆንያ መጋረጃ ተከፋፍሎ ይኖራል። የጎረቤትን ሳል ከራስ ሳል መለየት ያስቸግር ነበር ትላለች እናቴ። ይዘውት የመጡት ዕቃ ጥቂት ነው፤ ሃይማኖታቸውን ግን ይዘው መጥተዋል። ካቶሊኮች ናቸው። ካህኑ በወር አንድ ጊዜ አቧራ ለብሰው ከሩቅ ይመጣሉ፤ በሌሎቹ እሑዶች አባቴ ዳስ ሥር ቆሞ ወንጌል ያነባል። ደወላችን ከእርሻው የጭነት መኪና የወለቀ ቸርኬ ነበር፤ ዛፍ ላይ አንጠልጥለው በብረት ይመቱታል። ድምፁ እስከ ወንዙ ይሰማል።

መንግሥት ሲለወጥ ይሁን ትንሽ ቆይቶ፣ በዚህ ትልልቆቹ አይስማሙም፣ እርሻው ተዘጋ። ትራክተሮቹ ተጭነው ሄዱ፤ ሰዎቹ ቀሩ። ቀጥሎ አንድ ቦርሳ የያዘ ሰው መጥቶ መሬቱ የድርጅቱ ስለሆነ ዳሱን አንሱ አለ። ያኔ ነው አባቴ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ጎረቤታችን ወደሆኑት ወደ ጋሽ እንድሪስ የሄደው። ጋሽ እንድሪስ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የይፋት ሰው ናቸው፤ አባታቸው አሊዩ አምባ ድረስ ጨው የሚነግዱ፣ እሳቸው ማሽላና ማንጎ የሚያለሙ። የማሽላ ማሳቸው ጫፍ ከካምፑ አጥር ጋር ይገናኛል። አባቴ ቦታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት ጋሽ እንድሪስ አስቁመውት፣ “ስትጸልዩ ዝናብም ትለምናላችሁ?” አሉት አሉ። “እንለምናለን” ቢላቸው፣ “እንግዲያው ከማሳዬ ዳር ሁኑ፤ መጀመሪያ እኔ ማሽላ ላይ ይውረድ” ብለው ጫፉን ከፍለው ሰጡት።

በመስጠት ብቻ አላበቁም። በዚያው በጋ ሁለት ግመሎቻቸውን ይዘው ከወንዙ ድንጋይ ሲያመላልሱ ከረሙ። አንዷ ግመል ተናካሽ ነበረች፤ አባቴ ትከሻው ላይ የጥርሷ ምልክት አለ። ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮው ሲመታ ካህኑ ቀልደው፣ “የዚህ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ምዕመን ግመሏ ናት” ብለዋል ይባላል። ይህን ሁሉ እኔ አላየሁትም፤ በየበዓሉ ስለሚወራ ግን ያየሁት ይመስለኛል።

ያየሁትን ልናገር ካልኩ፣ አሥር ማንጎ በአንድ ብር የሚሸጥበትን ጊዜ አይቻለሁ። ከካራቆሬ ገበያ የተገዛልኝን ቢጫ ቀሚስ፣ በሙቀት ቀልጦ እግሬ ላይ የሚጣበቀውን ኮንጎ ጫማ አስታውሳለሁ። ሐያትና እኔ ከሚቆም አውቶቡስ ወደሚቆም አውቶቡስ በሳፋ ማንጎ ተሸክመን ስንሮጥ፣ እሷ ደፋር ስለነበረች መስኮቱን እሷ ታንኳኳለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ መልስ እመልሳለሁ። የእኛዎቹ ማታ ማታ በከንባትኛ መዝሙር ሲዘምሩ፣ ሐሙስ ምሽት ከጋሽ እንድሪስ ግቢ የሚሰማው መንዙማ ከማሽላው ማዶ ይመልስላቸዋል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሁለቱ የአንድ ዘፈን አውራጅና ተቀባይ ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ ደብረ ብርሃን በምኖርባት ክፍል አጠገብ ብዙ ድምፅ አለ፤ የሚመላለስ ግን የለም።

ድስቱ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በተመረቀበት ዕለት መታሰቢያ ነው። ያን ቀን ሁለት ፍየል ይታረዳል። አንዱን የእኛ ሰው ያርደዋል፤ ሌላውን ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው ያርዱታል። በአገራችን ክርስቲያኑ የሙስሊም ሥጋ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን ሥጋ አይበላምና፣ የሙስሊም እንግዶቻችን ወጥ የሚሠራበት ድስት እንኳ የእኛን ሥጋ የማያውቅ መሆን አለበት። ስለዚህ እትዬ ዘይነባ፣ የጋሽ እንድሪስ ባለቤት፣ የራሳቸውን ድስት በዋዜማው ይልካሉ። ክዳኑ አረንጓዴ፣ ጭልፋው እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር የታሠረበት። አንዲት ሴት ድስቱ ላይ ትቆማለች፤ ሥራዋ ሌላ ጭልፋ እንዳይገባ መጠበቅ ብቻ ነው። እንግዶቹ ከዳሱ ሥር ሲቀመጡ “ከየትኛው ድስት ነው?” ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ጋባዡን መጠርጠር ነው። ጋሽ እንድሪስ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም።

ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ለእረፍት መጥቼ እናቴ ድስቱ ላይ አቆመችኝ። “እሷ ጠንቃቃ ናት፤ ደግሞ የተማረች ናት” ብላ ለሴቶቹ ስትናገር ደስ ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ወጥቶ እንግዶቹ እየበሉ ሳለ ሳይታሰብ ዝናብ መጣ። ሴቶቹ ከሜዳው ላይ ድስቶቹን ሁሉ እያነሡ ጠባቧ ማዕድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ደረደሯቸው። ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ከውጭ “ለእነ ጋሽ እንድሪስ ጨምሩ” ሲሉ ሰማሁ፤ እጄ ያገኘውን ጭልፋ አንሥቼ አረንጓዴውን ክዳን ከፈትኩና ጨለፍኩ። ሁለተኛውን ስጨልፍ ነው እጀታውን ያየሁት። ክር የለውም። ጭልፋው ከእኛ ድስት የወጣ ነበር፤ የእኛ ወጥ መረቅ ገና ጠርዙ ላይ ነበረ።

ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ፤ የመንደራችን ማንኛዋም ሴት ታውቀዋለች። ክዳኑን መልሼ፣ ወጥቼ፣ ድስቱ ተበላሽቷል ማለት ነበረብኝ። ሌላ ምግብ ይቀርባል፤ ይቅርታ ይጠየቃል፤ ያልቃል። እኔ ግን ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቀኝ ልጅ ነበርኩ፤ ከዳሱ ሥር ስድሳ ሰው ተቀምጧል። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቴ ስሌት ጀመረ። ጭልፋው ላይ የቀረው ጥቂት ጠብታ ነው፤ ድስቱ ይህን ያህል ሊትር ይይዛል፤ ሲካፈል ከምንም አይቆጠርም። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ሐሳብ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያም ይህም የፍየል ሥጋ ነው፤ ልዩነት የሚያዩበት ያልተማሩ ሰዎች ናቸው አልኩ በልቤ። ካልተማሩት ውስጥ እናቴም አለችበት። ሳህኑን ሞልቼ ሰጠሁ። በበሩ ስንጥቅ ጋሽ እንድሪስ ለእትዬ ዘይነባ ሲያጎርሱ አየሁ።

አሁን ደብረ ብርሃን የውሃ ናሙና እመረምራለሁ። ከአንድ ጉድጓድ የመጣች አንዲት ጠብታ በማጉያ መሣሪያ ሥር አድርጌ፣ ይህ ውሃ ይጠጣል፣ ይህ አይጠጣም ብዬ እፈርማለሁ። አንዳንድ ቀን ስፈርም እጄ ይቆማል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቤት ስመጣ በማሽላው በኩል ማለፍ ትቼ በወንዙ ዞሬ እገባለሁ። በበዓሉ ዕለት ሥራ አለብኝ እላለሁ። እትዬ ዘይነባ ከሦስት ዓመት በፊት ሲሞቱ ለልቅሶ መጥቼ ከሴቶቹ ጀርባ ቆሜ፣ ጋሽ እንድሪስ ሳያዩኝ ተመለስኩ። አይተውኝ ኖሯል፤ ኋላ ሐያት ነገረችኝ።

ባጃጁ ከማሽላው ጫፍ አወረደንና ሐያት አንዱን የድስት ጆሮ ይዛ፣ “ያዢልኝ እስቲ በዚያ በኩል፤ እዚህ አይደል ቤቱ” አለችኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? ከዚያች ልቅሶ በቀር ዘጠኝ ዓመት ወዳልረገጥኩት ግቢ ድስቱን ለሁለት ተሸክመን ገባን። አሥር ሰዓት አልፏል። ጋሽ እንድሪስ ማንጎው ሥር ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። በጣም ቀንሰዋል። ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

“ማን ናት? የመንግሥት ሠራተኛ ናት?”

“ማርታ ነኝ ጋሼ። የወርቅነሽ ልጅ።”

“ወርቅነሽ ልጅ ነበራት እንዴ?”

ሐያት “አባዬ ደግሞ” ብላ ድስቱን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ጉልበታቸውን ስሜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ደብረ ብርሃን ጠየቁኝ፤ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። መልስ እየሰጠሁ፣ አሁን ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር ገባኝ። ያን ጊዜ ደግሞ እኚህ ሰው እንደናቅኳቸው አምነው ይሞታሉ።

“ጋሼ፣ የምነግርዎት ነገር አለኝ” አልኩ። ከዚያ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው። ዝናቡን፣ ማዕድ ቤቱን፣ ጭልፋውን።

ከማሳው በኩል ወፍ የሚያባርሩ ሰዎች ይጮኻሉ።

“ዝናቡ ኋላ ዳሱን ያፈረሰበት ዓመት ነው?”

“አዎ።”

“ሁለተኛው ዙር ላይ?”

“አዎ ጋሼ።”

“ሁለተኛውን ዙር በልቻለሁ።”

“አይቻለሁ።”

“እያየሽ ነው የበላሁት።”

“እያየሁ።”

መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ያዙት እንጂ አልቆጠሩም። “ዘይነባም በልታለች” አሉ። “አላህ ይዘንላት። ለእሷ አሁን ማን ይነግርልሻል?”



“እኛ ላይስ የለብንም” አሉ ቆይተው። “ሳያውቅ የበላ ሰው አይጠየቅበትም። ስህተትም ስህተት ነው፤ ጭስ ነበር። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ምን አደረግናት እያልኩ አስብ ነበር። የናቅሽን መስሎኝ ነው።”

“አልናቅኳችሁም” ልል ነበር። ለማለት ቀላል ነበር፤ እሳቸውም መስማት የፈለጉት እሱን ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

“በዚያች ሰዓት ንቄአችሁ ነበር” አልኩ። ስለ ጠብታው፣ ስለ ስሌቱ፣ በልቤ ስላልኩት ነገርኳቸው። ድምፄ እየጠፋ ሁለት ጊዜ “አልሰማሁሽም” አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ለረጅም ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ አዩ። ከተቀመጡበት ጫፉ ይታያል፤ ድንጋዩን ግመሎቻቸው የተሸከሙት ግድግዳ ግን በማሽላው ተሸፍኗል።

“ይኼኛው ከጭልፋው ይብሳል” አሉ። “ነገ ድስቱ ላይ ማን ነው የሚቆመው?”

“አላውቅም።”

“አንቺ ቁሚ።”

“ይመጣሉ ጋሼ?”

“ጥርስ የለኝም እኮ። ሥጋ ካቆምኩ ቆየሁ።” ከዚያ ለአስር ሰላት ዘገየሁ ብለው ምርኩዛቸውን ፈለጉ። አቀበልኳቸው። ይመጣሉ አይመጡ አልነገሩኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት በማሽላው በኩል ሄጄ በዋዜማው ሳይላክ ያደረውን ድስት ራሴ አመጣሁት። አረንጓዴው ክር ስለነተበ ሐያት አዲስ አሠረችበት። የሐያት ባል ፍየሉን አረደ፤ እኔ ሽንኩርቱን ከማቁላላት ጀምሮ ከምድጃው አልተነሣሁም። ቅዳሴ እንኳ የሰማሁት ከማዕድ ቤት ሆኜ ነው። ሴቶቹ ተሳሳቁብኝ።

“ምን ሆነሽ ነው እንደ ባንክ ዘበኛ?” አለች እናቴ።

ጭልፋውን እንደያዝኩ ነገርኳቸው። ስምንት ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም ሥራቸውን አቆሙ። የጭልፋውን ነገር ብቻ አልነበረም የነገርኳቸው፤ ያልተማሩ ያልኩትንም ነገርኳቸው። ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ቆየችና፣

“ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?” አለች። “ሽሮ ነበረ እኮ።”

ተመልሳ ቃሪያዋን መክተፍ ጀመረች።

ቅዳሴው አልቆ እንግዶቹ ዳሱ ሥር ሲቀመጡ በበሩ አየሁ። የጋሽ እንድሪስ ወንበር ባዶ ነው። የመጀመሪያው ዙር ወጣ። ሁለተኛው ሊወጣ ሲል ምርኩዛቸውን አየሁት፤ ከኋላው እሳቸው በማሽላው መካከል ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ሽማግሌዎቹ ተነሡላቸው። ሳህን ይዤ ወጣሁ፤ ያን ሁሉ ሰው አልፌ ፊታቸው ቆምኩ።

“ጥርስ የለኝም አላልኩሽም?” አሉኝ። “ለሐያት ልጆች ቋጥሪልኝ።”

ተመልሼ ክር ባለው ጭልፋ ከአረንጓዴው ድስት ጨለፍኩ፤ ጠዋት ሐያት ድስቱ ውስጥ አስቀምጣ የሰጠችኝን ምሳ ዕቃ ሞልቼ ከድኜ አመጣሁላቸው። ወዲያው አልተቀበሉኝም። ምሳ ዕቃውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። በዚያ ዳስ ሥር ማንም ጠይቆ የማያውቀውን፣ ሁሉም እየሰማ፣ ጠየቁኝ።

“ከየትኛው ድስት ነው?”

ወሬው ቆመ። እናቴ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አንገቷን ደፋች።

“ከእትዬ ዘይነባ ድስት ነው ጋሼ” አልኩ። ድምፄ እስከ ዳሱ ጫፍ እንዲሰማ አድርጌ ነው የተናገርኩት። “ከጠዋት ጀምሮ ከአጠገቡ አልተነሣሁም። ሌላ ጭልፋ አልገባበትም።”

ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።